ለበቅሎዋ የተነገረው ፊዚክስ

መምህር ኃይለ ማርያም በዕድሜያቸው ሁለት ነገር መልሰው አያውቁም፤ የተዋሱትን መጽሐፍና የተናገሩትን ቃል። የመጽሐፉን ነገር የጎንደር አለቆች በተገናኙ ቁጥር ስለሚያነሡት እዚህ መድገሙ ሐሜት ይሆናል። የቃሉ ነገር ግን አንዲት ልጃቸውን ከትምህርት ሊያስቀራት ምንም አልቀረውም ነበርና ቢነገር አይከፋም።

ሰውየው የሐዲስ ኪዳን ትርጓሜ መምህር ነበሩ። ከፒያሳ ቁልቁል ሲወርዱ በምትገኝ አንዲት አነስተኛ ደብር ቅጽር ውስጥ ጉባኤ ዘርግተው፣ ከወገራ፣ ከደንቢያ፣ ከዛሪማ ማዶ ሳይቀር ተማሪ ይጎርፍላቸዋል። አንዲቱን ቃል ይይዙና «አንድም እንዲህ ነው፤ አንድም እንዲያ ነው» እያሉ አምስት ስድስት ትርጉም ያወጡላታል። ካወጧቸው ትርጉሞች ታዲያ አንዱንም አይጥሉም። አባቶች ያቆዩትን መጣል ለእሳቸው እንጀራን ረግጦ እንደ መሄድ ነው።

ከደቀ መዛሙርቱ ሁሉ አብልጠው የሚወዱት ቢያዝን የሚባል የኮሶዬ ልጅ ነበር። ወንበራቸውን የሚያወርሱት እሱን እንደሆነ ጉባኤው ሁሉ ያውቃል። ቢያዝን ግን አንድ ቀን የዳዊቱን ማኅደር ለጓደኛው ትቶ፣ ፀጉሩን ፒያሳ ተቆርጦ፣ አስኳላ ገባ። መምህሩ ያዘኑት እንደ አባት ነበር፤ የተቆጡት ግን እንደ መምህር ሆነና ነገሩ ተበላሸ። በደብሩ ክብረ በዓል ቀን፣ ሕዝቡ ጠበል ጠዲቁን ቀምሶ ሳይበተን ብድግ አሉ። «ከጉባኤዬም ሆነ ከቤቴ ያን ከዳተኛ ያናገረ፣ ከእሱም ቃል የጠየቀ፣ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ የተገዘተ ይሁን!» ብለው መቋሚያቸውን መሬት ላይ አንኳኩ። ሕዝቡ አማተበ። ይመኙሽ ያን ጊዜ የእናቷን ቀሚስ ይዛ የምትከተል ሕፃን ነበረች፤ «ቤቴ» ሲሉ እሷንም መጨመራቸውን ማን አስቦ።

ዓመታት አለፉና ይመኙሽ ራሷ አስኳላ ገባች። «ምነው የኔታ፣ ለዚያ ግዝት፣ ለዚህች ምርቃት?» ብሎ የጠየቃቸው አልጠፋም። መልሳቸው የተዘጋጀ ነበር። «ሴት ልጅ ጉባኤ አትገባም፤ ያልገባችበትን ጉባኤ ደግሞ አትከዳም» ይላሉ። እውነቱን ለመናገር ያስገቧት ሚስታቸው ወይዘሮ የዓለምወርቅ ናቸው። መምህሩ ምክንያቱን ያገኙት እሷ ገብታ ካበቃች በኋላ ነው።

ልጅቱ ጎበዝ ወጣች። በአማርኛውም በእንግሊዝኛውም ከወንዶቹ በላይ ስለነበረች አባትየው በአደባባይ «ምን ዋጋ አለው» እያሉ በልባቸው ይኮሩባት ጀመር። ምኞቷ አንድ ነበር፤ ነጭ ካፖርት ለብሰው በከተማው የሚያልፉትን የጤና ኮሌጅ ተማሪዎች መቀላቀል። ለዚያ ደግሞ ፊዚክስና ሒሳብ ማለፍ ግድ ነው። አሥራ አንደኛ ክፍል እስክትደርስ ሁለቱም አስቸግረዋት አያውቁም።

መንግሥት መምህር ሲመድብ የማንን ግዝት ይጠይቃል? ይመኙሽ አሥራ አንደኛ የገባች መስከረም፣ ከአዲስ አበባ ዲግሪውን ይዞ የፊዚክስና የሒሳብ መምህር ሆኖ የመጣው ቢያዝን ነበር።

መምህር ኃይለ ማርያም ወሬውን ሰምተው እንዳልሰማ ሆኑ። ይመኙሽ ግን የአባቷ ልጅ ናት፤ ግዝት ግዝት ነው። ክፍል ውስጥ ትሰማለች፣ ትጽፋለች፣ አትጠይቅም። ቢያዝንም የዚያ ግቢ እድገት ነውና ነገሩ ወዲያው ገባው። ስም ሲጠራ የሷ ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ቀና ብሎ አይቷት፣ «አለሁ» እስክትል ሳይጠብቅ ያልፋታል። ጥያቄ ሲያዞርም የሷን ወንበር ይዘልላል። ሊያስጨንቃት ስላልፈለገ ነው። እሷም ያልገባትን ነገር ባልገባት ነገር ላይ እየደረበች ዓመቱን ገፋች። የክፍል ጓደኞቿን እንዳትጠይቅ ደግሞ፣ ከሚያውቀው ይልቅ አውቃለሁ ባዩ ይበዛ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ቀን አባትየው የልጃቸውን ወረቀት ድንገት አዩት። ቀይ በቀይ ሆኗል።

«ምነው ይመኙሽ? ምን ነካሽ?»

«አልገባኝም አባ።»

«ካልገባሽ መምህርሽን አትጠይቂም? አፍሽን ምን ያዘው?»

ይመኙሽ አንገቷን ደፋች። «መምህራችን ቢያዝን ነው፤ እሱን ያናገረ ብለው እርስዎ ገዝተዋል» አለች።

ወይዘሮ የዓለምወርቅ ከጓዳ ሆነው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በሰኔ ፈተና ከወደቀች ኮሌጁም ነጩ ካፖርትም እንደቀሩ ሦስቱም ያውቃሉ።

ግዝቱን የሚፈታው የገዘተው ነው። ይኸ እንኳን ለመምህር፣ ለዳዊት ደጋሚም የታወቀ ነው። ችግሩ፣ በጉባኤ ፊት የታሰረ በጉባኤ ፊት ይፈታልና መምህር ኃይለ ማርያም ቆመው «ያን ቀን ቸኩያለሁ» ማለት ሊኖርባቸው ነው። ይኸን ከማለት ፊዚክስ መማር ቀለላቸው። «እስቲ አምጪው፤ የሰው ልጅ የጻፈው አይደል? እኔ አስረዳሻለሁ» አሉና ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ።

ጥያቄው እንዲህ ይላል። አንድ ሰው ከገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ድንጋይ ወደ ላይ ይወረውራል፤ ድንጋዩ ገደሉ ሥር የሚደርሰው በስንት ሰከንድ ነው? ይመኙሽ ቀመሩን በቃሏ ስለምታውቅ አስልታው ነበር። ስታሰላው ግን ሁለት መልስ መጣባት፤ አንዱ አራት፣ አንዱ ደግሞ ኔጋቲቭ ሁለት።

«ክፍል ውስጥ አንዱ ይጣላል ብለውናል፤ የትኛው እንደሚጣልና ለምን እንደሚጣል ነው ያልገባኝ።»

መምህር ኃይለ ማርያም ፊታቸው በራ። ስለ ድንጋይ ባያውቁ ስለ ሁለት መልስ ያውቃሉ። «በዚህ ቤት የሚጣል ትርጓሜ የለም!» አሉ። «ጻፊ። ድንጋዩ በአራት ሰከንድ ይወድቃል፤ ይኸ ግልጽ ነው። አንድም፣ ከመወርወሩ ሁለት ሰከንድ አስቀድሞ ወድቋል። ምነው ቢሉ፣ ወርዋሪው በልቡ ስለፈረደበት ገና ከእጅ ሳይወጣ እንደወደቀ ይቆጠራል። አንድም፣ ድንጋይ ተፈጥሮው መውደቅ ነውና ቢወረውሩትም ባይወረውሩትም የወደቀ ነው።» ይመኙሽ እስክሪብቶዋን ይዛ አመነታች። ኋላ ግን ጻፈችው፤ አባቷ እንዲያ ደስ ብሏቸው ካየቻቸው ቆይታ ነበርና አላስቻላትም።

ወረቀቱ ተመልሶ ሲመጣ ዜሮ ተሰጥቶታል። ከዜሮው ሥር፣ ገና በጉባኤ ሳለ የሚያውቁት ያ የተስተካከለ የእጅ ጽሕፈት «ትርጓሜው ሸጋ ነው፤ ነገር ግን ድንጋይ ሳይወረወር አይወድቅም» ይላል። መምህሩ ደጋግመው አነበቡት። ተናደዱ። ሆኖም «ሸጋ ነው» የሚለው ላይ ሲደርሱ በየጊዜው ትንሽ ቆም ይሉ ነበር።

ቀጥሎ የመጣው የቤት ሥራ ስለ ዳገትና ስለ ጭነት ሆነ። በዚህ ጊዜ አንድምታም አልወጣላቸው። ስለዚህ ወደ ሌላ ብልሃት ዞሩ። አንድን ሰው አላናግርም ብሎ የማለ፣ ግድግዳውን እያየ «አንተ ግድግዳ፣ ጨው ያቀብለኝ በለው» ቢል መሐላው እንደማይፈርስ በአገሩ የታወቀ ነው። ግዝቱም «ያን ከዳተኛ ያናገረ» ነው እንጂ በቅሎ ያናገረ አይልም። መምህሩ ይኸን ከየአቅጣጫው መርምረው እንከን አጡበት። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ በቅሏቸውን አስጭነው ፒያሳ ወጡ።

ቢያዝን ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ከጣሊያን ጊዜ በቀረ ቡና ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጦ የተማሪ ወረቀት ያርማል። መምህር ኃይለ ማርያም ፊት ለፊቱ ከበቅሏቸው ወረዱና ልጓሙን ይዘው ጆሮዋን እያዩ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«አንቺ በቅሎ! ልጄ የቤት ሥራ ተሰጥቷት ተቸግራለች። ሠላሳ ዲግሪ በተዘነበለ ዳገት ላይ ያለውን ጭነት ስንት ኃይል ቁልቁል ይስበዋል ይላል። አንቺ ዳገት የምታውቂ ነሽና እስቲ አስረጂኝ።»

ቢያዝን ብድግ አለ። ፊቱ ቀላ። ባርኔጣውን አውልቆ ወደ በቅሎዋ እጅ ነሣ።

«እመት በቅሎ፣ የኔታ ደኅና ናቸው ወይ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን በዪው» አሉ የኔታ፣ ዓይናቸውን ከጆሮዋ ሳያነሡ።

«እንግዲህ እመት በቅሎ» አለ ቢያዝን፣ «ክብደት ቀጥ ብሎ ወደ መሬት ነው የሚጎትተው። ዳገቱ ግን ቀጥ ብሎ እንዲወርድ መንገድ አይሰጠውም። ስለዚህ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ዳገቱን ይጫናል፣ አንዱ ቁልቁል ይስባል። ቁልቁል የሚስበውን ለማግኘት ክብደቱን በሳይን ሠላሳ ማባዛት ነው። ሳይን ማለት ደግሞ...»

እዚህ ላይ የጭነት ማኪና ጥሩምባ አምባረቀ። በቅሎዋ ልጓሙን ከመምህሩ እጅ መንጭቃ በፒያሳ መሐል ሸመጠጠች። ሁለቱ ሊቃውንት ተከተሏት። የሚያናግሯት በቅሎ ከሌለች ንግግሩም የለምና ሁለቱም እኩል ሮጡ። «ሳይን ማለት፣ እመት በቅሎ፣ ቁመቱን...» ይላል ቢያዝን እያለከለከ። «ቁሚ! ቁሚና ስሚ!» ይላሉ መምህሩ። የቡና ቤቱ ሰው ሁሉ ወደ በረንዳ ወጣ። አንዱ «ይተዉአት የኔታ፣ በዛባት!» ሲል ሳቁ እስከ ታች ተሰማ።

በቅሎዋ የምታውቀው መንገድ ወደ ገብሷ የሚወስደው ነውና ቀጥታ ደብሩ ቅጽር ገባች። ቢያዝን ከበሩ ላይ ቆመ። መምህሩ ገብተው ዘወር ሲሉ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ፣ ያደገበትን ግቢ አሻግሮ ሲያይ አዩት። ሽበት ጀማምሮታል። «ግባ ልጄ» ሊሉት አማራቸው፤ በመካከላቸው ግን በቅሎ አልነበረችም። ወደ ቤታቸው አዘገሙ።

ቤት ሲደርሱ ይመኙሽ ወረቀትና እርሳሷን ይዛ ትጠብቃለች። «ክብደቱ ለሁለት ይከፈላል» አሉ እየተነፈሱ። «አንዱ ዳገቱን ይጫናል፣ አንዱ ቁልቁል ይስባል። ከዚያ በሳይን ማባዛት ነው።»

«ሳይን ማለትስ አባ?»

«እዚያ ላይ ስንደርስ በቅሎዋ ሄደች።»

ወይዘሮ የዓለምወርቅ በግዝቱ ነገር እስከዚያች ቀን ጉሮሯቸውን ከመጥረግ አልፈው አያውቁም ነበር። ያን ቀን ግን የያዙትን ሰፌድ አስቀመጡና ባላቸው ፊት መጥተው ቆሙ። «ለበቅሎዋ የተፈቀደው ለልጅዎ ተከለከለ?» አሉ።

መምህሩ ግዝቱን በዕርገት በዓል ሊፈቱት ወሰኑ። ጉባኤው ምን ይላቸዋል? ይኸን ሁሉ ዘመን በሳቸው ቃል ታስሮ የኖረ ሰው፣ «በከንቱ ነው ያሰሩን?» ብሎ ቢጠይቅ ምን ይመልሳሉ? በተለይ የሚያስጨንቃቸው የደቀ መዛሙርቱ ነገር ነበር። ባለፉ ቁጥር ጭውውታቸውን ቆርጠው ጸጥ የሚሉት ቃላቸውን ፈርተው እንደሆነ ያውቃሉ። ይኸን ክብር በገዛ አፋቸው ሊያፈርሱት ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ እሳቸው ግን አፋፉን ወርደው የወደቀውን ቃል ሊለቅሙ ነው።

በዕርገት ቀን ከቅዳሴ በኋላ ካህናቱና ደቀ መዛሙርቱ በቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ተሰበሰቡ። መምህር ኃይለ ማርያም በመቋሚያቸው ተደግፈው ተነሡ። በቁጣ የተናገሩት እንደነበር፣ ቁጣ ደግሞ የእግዚአብሔርን ጽድቅ እንደማይሠራ፣ ስለዚህም ቢያዝንን ያናገረውን ሁሉ ያሰሩበትን ግዝት ዛሬ እንደፈቱ ተናገሩ። «እግዚአብሔር ይፍታችሁ» ብለው ጨረሱና ጩኸቱን ይጠብቁ ጀመር።

ጩኸት የለም። ሰው እርስ በርሱ ተያየ።

የደብሩ አለቃ እንኳየሁ ሸምገል ያሉ፣ ቅን ሰው ናቸው። «የቱን ግዝት መምህር?» አሉ።

«ቢያዝንን ያናገረ ያልኩትን ነዋ!»

«እህ» አሉ አለቃ እንኳየሁ፣ ባርኔጣ የጠፋበት ሰው ይመስል ራሳቸውን እየዳበሱ። «እሱን እንኳ... እንግዲህ ይህን የተቀመጥንበትን ደጀ ሰላም ቆርቆሮ ሲለበስ ዝንባሌውን የለካልን እሱ አይደል? እርስዎም ሲያዩ ዝም ስላሉ የተውት መስሎን።»

ከደቀ መዛሙርቱ አንጋፋ የሆነው ሐብተ ማርያም ግንባሩን መሬት አስነካ። «የኔታ፣ ይፍቱኝ። እንግሊዝኛ እየተማርኩ ያለሁት ከሱ ዘንድ ነው።» ከኋላው ሌላው ተደፋ፣ ከሱም ኋላ ሌላው። አንዱ አቤቱታ አጽፎታል፣ አንዱ መድኃኒት አስነብቦታል፣ አንዱ እንዲያው በመንገድ ሲያገኘው ቆሞ ይጫወታል። ጸጥ የሚሉት ለካ ስለ ቢያዝን ሲያወሩ እሳቸው ብቅ ሲሉባቸው ኖሯል። መምህር ኃይለ ማርያም ተራ በተራ «ይፍታህ» እያሉ በመስቀላቸው ሲዳስሱ፣ ካህኑም ተማሪውም አልቆ፣ ግዝቱን የጠበቀ አንድ ሰው አጡ። እያንዳንዱን ፊት ካዩ በኋላ ነው፣ እዚያ የሌለች አንዲት ፊት ትዝ ያለቻቸው። መቋሚያቸውን እንኳ ረስተው ወጡ።

ይመኙሽ ከቤቱ ጓሮ ከኮክ ዛፉ ሥር ተቀምጣ፣ ዓይኗን ጨፍና እንደ ዳዊት ትደግማለች። «ሳይን ዜሮ፣ ዜሮ። ሳይን ሠላሳ፣ ነጥብ አምስት። ሳይን ዘጠና፣ አንድ።» የመጽሐፉን ሰንጠረዥ ከዳር እስከ ዳር በቃሏ ይዛዋለች፤ ምን እንደሆነ ግን አታውቀውም። አባቷ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጡ። እሳቸው መሬት ላይ ሲቀመጡ አይታ ስለማታውቅ ደንግጣ ልትነሣ ስትል ይዘው አስቀመጧት።

«ፈትቼዋለሁ። ከእንግዲህ ጠይቂው።»

«ሌሎቹንስ ፈቷቸው አባ?»

ሊዋሹ ይችሉ ነበር። «ሌሎቹ አልታሰሩም ነበር» አሉ።

«እኔ ብቻ ነበርኩ?»

«አንቺ ብቻ።»

በጉባኤ ፊት ያላፈሩትን ያህል በዚህች ልጅ ፊት አፈሩ። ቃላቸው የሚከበር መስሏቸው ስንት ዘመን ደረታቸውን ነፍተው ሄደዋል፤ ያከበረቻቸው አንዲት ልጅ ነበረች፣ የተጎዳችውም እሷው። ብትቆጣቸው ይሻላቸው ነበር። እሷ ግን «በቃ፣ ነገ እጠይቃለሁ» ብላ መጽሐፏን አጠፈች።

በማግሥቱ አብረዋት ወጡ። ከትምህርት ቤቱ በር ይመለሳሉ ስትል ገብተው፣ ከክፍሉ መስኮት ሥር በግድግዳው ጥላ ተጠግተው ቆሙ። ቢያዝን ሰሌዳውን በቁጥር ሞልቶ ያስረዳል። ሁለት ጊዜ «ጥያቄ ያለው?» አለ። በሦስተኛው ይመኙሽ እጇን አወጣች። ጠመኔው ሰሌዳው ላይ እንዳለ ቆመ።

«እሺ... ይመኙሽ» አለ ቢያዝን፣ ስሟን እንደ ሌላው ተማሪ ጮክ ብሎ ሲጠራ የመጀመሪያው ነበር።

«ጋሼ፣ ሳይን ማለት ምን ማለት ነው?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሳይን የተማሩት በጥቅምት ነው፤ አሁን ግንቦት ሊያልቅ ነው። ቢያዝን አልሳቀም። ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀና «ከዚያ ወዲህ ያለውስ?» አላት ቀስ ብሎ።

«ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ እሱ ላይ ነው የቆመው ጋሼ።»

መምህር ኃይለ ማርያም በመስኮቱ ሥር ሆነው ሰሙ። ቢያዝን ጨርቁን አንሥቶ ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር ጠረገው። «እንግዲያው ከጥቅምት እንጀምራለን» አለ።

የሰኔው ፈተና በሳምንቱ ነበር።